ቪኤም ከቪኤም ሲያወራ ኔትዎርኩ የሚቆራረጥባችሁ፦ ኢ1000፣ ቨርቲዮ፣ ቪኤምኤክስኔት3 ወይስ ኤስአር-አይኦቪ?

ደሴ ላይ ሲስተም ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚሰደበው ኢንተርኔቱ ነው፣ እኔም ለወራት ስሰድበው ነበር። የማግዘው ድርጅት ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰርቨርና አንድ የጋራ ስቶሬጅ አለው፣ ላያቸው ላይ ስድስት ቪኤም (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተሰሩ ኮምፒውተሮች) ይሰራሉ፣ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ዳታቤዙ ባቲ፣ አፕሊኬሽኑ አምባሰል፣ ባካፑ ትዝታ (ባካፕ ሌላ ምን ይባላል?)፣ ደስ ሲለው ብቻ አቤት የሚለው አሮጌ ዊንዶውስ ደግሞ አንቺሆዬ። ሂሳብ ክፍል ያለችው እህታችን በቀን ሁለቴ ትደውላለች፣ «ኧረ ወንድሜ ይሄ ነገር ሲያሰኘው ይሮጣል ሲያሰኘው ቁጭ ይላል»፣ እኔም «ኔት ነው፣ አብሽሪ ይስተካከላል» እያልኩ አልፋለሁ። አንድ ቀን ግን ሳስበው አምባሰል ባቲን ሲጠይቅ እኮ ጥያቄው ከክፍሏ አይወጣም፣ መሀላቸው ያለው አንድ ስዊችና ሁለት ሜትር የማይሞላ ኬብል ነው፣ ኢንተርኔቱ ምን አገባው?

ከዛ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። አንዱ «ካርዱን ቨርቲዮ አርገው በቃ» አለኝ፣ አንዱ «10 ጊጋ ግዛ»፣ ሌላው «ኤስአር-አይኦቪ ካልሆነ አትልፋ»። ሁሉም እውነታቸውን ነው፣ የራሳቸውን ችግር ፈተውበታል፣ የኔ ችግር የቱ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ርዕሱ ላይ ያሉት አራቱ ቪኤም ከኔትዎርክ የሚገናኝባቸው የካርድ ዓይነቶች ናቸው። ስለዚ ይሄን የምጽፈው ካርድ ሊቀይር ወይ ሊገዛ ለተነሳ ሰው ነው። ሳትለኩ አትምረጡ።

ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት

ፒንግ ብቻውን ያታልላል። በሰከንድ አንዴ ሚጢጢ ፓኬት ልኮ ይመለሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ብታስኬዱት ዜሮ ፐርሰንት ሎስ (የጠፋ ፓኬት የለም) ሊላችሁ ይችላል። ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ በሞተር ወርዶ «ሐረጎ አይጨናነቅም» እንደማለት ነው፣ መንገዱ የሚታወቀው ቀን ከኮምቦልቻ የጭነት መኪናው ተከታትሎ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ስለዚ ጫና ፈጥራችሁ ለኩ። አይፐርፍ3 የሚባለውን የኔትዎርክ ፍጥነት መለኪያ አንዱ ጋ ሰርቨር ሌላው ጋ ክላይንት አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ካልነገራችሁት 10 ሰከንድ ብቻ ነው የሚለካው፣ እናንተ 600 ሰከንድ በሉት፣ ምክንያቱም የምንፈልገው ፍጥነቱን ሳይሆን መለዋወጡን ነው፣ በየሰከንዱ የሚያወጣውን ቁጥርና ድጋሚ የተላኩ ፓኬቶችን የሚቆጥረውን ኮለም እዩ። ቀጥሎ በዩዲፒ (የጠፋውን ፓኬት ደግሞ በማይልከው አላላክ) ድገሙት፣ እዛ ላይ የጠፋውን ፓኬት በፐርሰንት ይነግራችኋል። አንድ ወጥመድ አለ፣ ዩዲፒ ላይ ፍጥነት ካልሰጣችሁት በ1 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚልከው፣ እሱን አይታችሁ «ሎስ የለም» ብላችሁ እንዳትተኙ፣ 500 ሜጋቢት ምናምን ብላችሁ ራሳችሁ ስጡት።

ይሄን ሶስት ቦታ ነው የምትለኩት። አንደኛ ሰርቨር ከሰርቨር፣ ቪኤም ሳይገባበት። ሁለተኛ አንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ሁለት ቪኤሞች። ሶስተኛ በተለያየ ሰርቨር ላይ ያሉ ሁለት ቪኤሞች። የመጀመሪያው ከተበላሸ ቨርቹዋል ካርድ መቀየር ከንቱ ድካም ነው፣ ኬብልና ስዊች ጋ ሂዱ። የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ከዋዠቀ ጉዳዩ ቨርቹዋል ካርዱ ወይ ፕሮሰሰሩ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ሶስተኛው ብቻ ከታመመ ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው የፓኬት መጠን ጣሪያ)፣ ቪላን (ስዊቹ ላይ የሚደረግ የኔትዎርክ ክፍፍል)፣ የተጣመሩ ፖርቶች፣ የተደገመ ማክ አድሬስ (የካርዱ መለያ ቁጥር)፣ እነዚህ ናቸው የሚጠረጠሩት።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ጤነኛ የ1 ጊጋቢት መስመር አይፐርፍ3 ላይ 940 ሜጋቢት አካባቢ ይሰጣል። 94 አካባቢ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ሊንኩ ወደ 100 ወርዷል ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር አትፈልጉ። አንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ሁለት ቪኤሞች ከ1 ጊጋቢት በላይ ካሳዩ አትደንግጡ፣ ፓኬቱ ኬብል አልነካም እኮ፣ ከራም ወደ ራም ነው የተሻገረው።

የኔ ምን ነበር መሰላችሁ። ሰርቨር ከሰርቨር ስለካ አንዳንዴ 940 አንዳንዴ 94፣ ለመፈተሽ የራኩን በር ስከፍት ይድናል፣ ዘግቼው ስወጣ ይታመማል! ሶስት ቀን እንዲህ ተጫወተብኝ። በመጨረሻ በሩን ከፍቼ በስልኬ ባትሪ ሳየው የበሩ ጠርዝ አንዱን ኬብል ተጭኖት ልባሱ ጠፍጥፎ ነጭ ሆኗል። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ይሄዳል፣ በሩ ሲዘጋ አንዱ ጥንድ ይለቅና ካርዱ ራሱን ወደ 100 ያወርዳል፣ እኔ ስከፍትና ኬብሉን ስነካካ ሊንኩ ወርዶ ሲነሳ ተመልሶ 1000 ይላል። አንድ ኬብል ቀየርኩ። 10 ጊጋ ግዛ ያለኝን ሰው ሰምቼ ቢሆን ካርዱንም ስዊቹንም ገዝቼ አዲሱን ኬብል እዛው በር ላይ ነበር የምቀረቅረው።

ግን ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ሁለተኛ ጉድ ነበረ። ትዝታን ኮፒ አድርጌ «ትዝታ ሁለት» የሚል መሞከሪያ ሰርቼ ነበር፣ ኮንፊግ ፋይሉን በእጄ ስለገለበጥኩት ማክ አድሬሱም አብሮ ተገለበጠ፣ ሁለቱ በተለያየ ሰርቨር ላይ ሲነሱ ስዊቹ አድራሻው የቱ ፖርት ላይ እንዳለ ግራ ይገባውና አንዴ ለዚህ አንዴ ለዛ ያቀብላል። ከውጭ ስታዩት ልክ ፓኬት ሎስ ነው የሚመስለው። ሊኑክስ ብሪጅ (ቪኤሞቹን ከካርዱ የሚያገናኝ የሶፍትዌር ስዊች) ያላችሁ ሎጉ ላይ የራሴን አድራሻ ይዞ የመጣ ፓኬት ተቀበልኩ የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ደግሞ የሰርቨሩ የራሱ ማክ ተደግሞ ወይ መስመሩ ዞሮ ወደራሱ ተመልሶ (ሉፕ) እንደሆነ ጠርጥሩ። ቪኤምዌር (ቪኤም የሚያስኬድ የሚከፈልበት ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ የተገለበጠ ቪኤም ስታስነሱ «አንቀሳቅሰኸው ነው ወይስ ኮፒ አድርገኸው» ብሎ ይጠይቃል፣ ኮፒ አድርጋችሁ ሳለ አንቀሳቅሼው ነው ካላችሁ የድሮውን ማክ ይዞ ይነሳል።

ኤምቲዩን ቶሎ ልለፈው። ሳይቆራረጥ እንዲሄድ ብላችሁ 1472 ባይት ፒንግ ላኩ፣ 28 ባይት ሄደር ሲደመርበት 1500 ይሞላል። ትንሹ ፒንግ አልፎ ይሄ ካላለፈ መሀል ላይ የሚያጠብ ነገር አለ። ቪኤክስላን (ፓኬቱን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ የሚልክ ኔትዎርክ) ከተጠቀማችሁ 50 ባይት ስለሚበላ ቪኤሙ ውስጥ 1450 አድርጉት ወይ ከስር ያለውን የእውነተኛውን ኔትዎርክ ኤምቲዩ ከፍ አድርጉት። ጃምቦ (ትልልቅ ፓኬት) 9000 የምትሉ፣ ስዊቹም ሰርቨሩም ቪኤሙም እኩል 9000 ካልሆኑ ባትነኩት ይሻላችኋል።

የመምረጫ መስፈርቶቼ

ልኬቱ ወደ ቨርቹዋል ካርዱ ካመለከተ አሁን ምርጫው ይጀመራል። እኔ የማየው አምስት ነገር ነው፦ ጫና ሲበዛ ፍጥነቱ ይረጋል ወይ፣ ስንት ፕሮሰሰር ይበላል፣ አሮጌ ዊንዶውስ ያለ ድራይቨር ያነሳዋል ወይ፣ ቪኤሙን ሳላጠፋ ወደ ሌላ ሰርቨር ማሻገር ያስችላል ወይ፣ ብሩስ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለኛ ግን ዋናው ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም ሰርቨር በዩፒኤስ ይዤ አልቆይም፣ ቪኤሞቹን ወደ አንዱ አሰባስቤ ሌላውን አጠፋለሁ። ስቶሬጁ የጋራ ስለሆነ የሚሻገረው ራሙ ነው፣ እሱም 16 ጊጋ ራም ያለው ቪኤም በ1 ጊጋቢት መስመር ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ዩፒኤሱ እያለቀ ስትቆጥሩት ረጅም ነው ወላሂ።

ከመስፈርቱ ጋር አንድ ነገር መረዳት አለባችሁ፣ ፓኬት የሚጠፋው የት ነው የሚለውን። ለቪኤሙ የመጣ ፓኬት መጀመሪያ ወረፋ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሪንግ የሚባለው። ቪኤሙ ፕሮሰሰር ላይ ተራ ሲደርሰው ያነሳዋል። 8 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ 30 ቪሲፒዩ (ለቪኤም የሚሰጥ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር) አከፋፍላችሁ ከሆነ ቪኤሙ ተራ እስኪደርሰው ወረፋው ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ የመጣው ይጣላል። አንዴ ጥሩ አንዴ መጥፎ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ጎረቤት ቪኤም ስራ ሲበዛበት የናንተው ይቀጣል። ሊኑክስ ቪኤም ውስጥ ቶፕ ከፍታችሁ «ኤስቲ» የምትለዋን ቁጥር እዩ፣ ከፍ ካለች ተራ ተነጥቃችኋል። ቪኤምዌር ላይ «ሬዲ» የሚለው ፐርሰንት ነው፣ በአንድ ቪሲፒዩ ከ10 በላይ ከሄደ ካርድ ከመቀየራችሁ በፊት ቪሲፒዩ ቀንሱ። መቀነስ ነው ያልኩት። ለሁለት ኮር ስራ ስምንት ቪሲፒዩ የሰጠ ሰው ሌላውንም ራሱንም ነው የሚያስጠብቀው።

ኢ1000

ኢንቴል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲሸጠው የነበረ የጊጋቢት ካርድ በሶፍትዌር ተመስሎ ነው። ጥቅሙ አንድ ነው፣ አብዛኛው ኦኤስ ያውቀዋል። ጉዳቱ ደግሞ ቪኤሙ ካርዱን በነካ ቁጥር ሃይፐርቫይዘሩ (ቪኤሞቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ቪኤሙን አቁሞ እውነተኛ ካርድ መስሎ መልስ መስጠት አለበት፣ ትንንሽ ፓኬት ሲበዛ ፕሮሰሰሩ እዛው ያልቃል። ዳታቤዝ ደግሞ ትንንሽ ጥያቄና መልስ ነው ስራው። ባቲ በኢ1000 ላይ ነበር፣ ማን እንዳደረገው አትጠይቁኝ። ፕሮክስሞክስ (እኔ የምጠቀመው ነጻው የቪኤም ማስኬጃ) ላይ ቪኤም ስትሰሩ ዊንዶውስ ከመረጣችሁ ዝም ብሎ ኢንቴልን ነው የሚያቀርብላችሁ፣ ሰው ነክስት ነክስት ብሎ ያልፋል፣ እኔም ሰው ነኝ።

ከሱ በታች ሪልቴክ 8139 አለ፣ የ100 ሜጋቢት ካርድ ነው፣ ሙዚየም ይግባ። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ላይ «ሌጋሲ» የሚባለውም ያው ዘመዱ ነው።

ቨርቲዮ

ይሄ እውነተኛ ካርድ አይመስልም፣ ቪኤሙ ቪኤም መሆኑን አውቆ ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር በጋራ ሜሞሪ በኩል ነው የሚነጋገረው፣ ብዙ ፓኬት አጠራቅሞ በአንድ ጥሪ ያስረክባል። ኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ ሃይፐርቫይዘር) እና ፕሮክስሞክስ ላይ የሚሰራ ሰው ነባሪ ምርጫው ይሄ መሆን አለበት፣ ሊኑክስ ድራይቨሩን ይዞት ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ ላይ ግን ድራይቨሩን በአይኤስኦ አውርዳችሁ መጫን አለባችሁ፣ አዳዲሶቹ የድራይቨር ዲስኮች ደግሞ አሮጌዎቹን ዊንዶውሶች ትተዋቸዋል።

ቨርቲዮ አደረግን ብለው እዛው የሚያቆሙ አሉ፣ ሁለት ነገር ይቀራችኋል። አንዱ መልቲኪው ነው፣ ካልከፈታችሁት ትራፊኩ ሁሉ በአንድ ወረፋ ነው የሚያልፈው፣ አራት ቪሲፒዩ ያለው ቪኤም ላይ አንዱ 100 ፐርሰንት ሲቃጠል ሶስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ የወረፋውን ብዛት ከቪሲፒዩው ጋር እኩል አድርጉት። ሁለተኛው የሪንጉ መጠን ነው፣ መቀበያው ሳይነኩት 256 ነው፣ ትራፊካችሁ ድንገት ፈንድቶ የሚመጣ ዓይነት ከሆነ 1024 ድረስ ማሳደግ ይቻላል። ሰርቨሩ ላይ ያለው የቪኤሙ ታፕ ኢንተርፌስ (የቨርቹዋል ካርዱ የሰርቨር በኩል ጫፍ) «ድሮፕድ» የሚለው ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ቪኤሙ ማንሳት አልቻለም ማለት ነው፣ ያኔ ይሄን ንኩ፣ ዝም ብላችሁ አትንኩ።

ቪኤምኤክስኔት3

የቪኤምዌር ቨርቲዮ በሉት። ሀሳቡ ተመሳሳይ ነው፣ ድራይቨሩ ዊንዶውስ ላይ ከቪኤምዌር ቱልስ ጋር ይመጣል፣ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከ2.6.32 ጀምሮ አለ። ቪኤሙ ውስጥ 10 ጊጋቢት ብሎ ይጽፋል፣ ቁጥሩ ጌጥ ነው፣ ስሩ ያለው ካርድ 1 ጊጋ ከሆነ ሰርቨር ተሻግሮ ከዛ በላይ አይሄድም። ዊንዶውስ ላይ የታወቀ ድክመት አለበት፣ ትራፊክ ድንገት ሲጎርፍ መቀበያ በፈሩ ጠቦ ፓኬት ይጥላል። አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ስሞል አርኤክስ በፈርስን 8192፣ አርኤክስ ሪንግ 1ን 4096 ስታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ስታስተካክሉ ኔትዎርኩ ለአፍታ ስለሚወርድ በስራ ሰዓት አትሞክሩት።

ካርዱ ነጻ ነው፣ ቤቱ ግን አይደለም። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ የዘላለም ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ሆኗል፣ ነጻው ኢኤስኤክስአይም (የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር) በ2024 ተነስቶ በ2025 ተመልሷል፣ ግን ነጻው ላይ ቪኤምን ሳያጠፉ ማሻገር የለም። እና ለዚህ ካርድ ብሎ ወደ ቪኤምዌር የሚገባ ሰው ካለ ይምከሩት፣ እዛው ላለ ሰው ግን ጥያቄ የለውም።

ኤስአር-አይኦቪ

እውነተኛው ካርድ ራሱን ቆራርሶ ለየቪኤሙ ይሰጣል፣ ሃይፐርቫይዘሩ መሀል ላይ አይገባም። ፕሮሰሰር አይበላም ማለት ይቻላል፣ መዘግየቱም ትንሽና እኩል ነው። ለዚህ ግን ካርዱ የሚደግፍ መሆን አለበት፣ ባዮስ ላይ አይኦኤምኤምዩው (ቪኤም እውነተኛ ካርድ በቀጥታ እንዲይዝ የሚፈቅደው) መከፈት አለበት፣ ቪኤሙ ውስጥም የካርዱ ድራይቨር ይጫናል። የኢንቴል አይ350 ሊኑክስ ላይ በፖርት 7 ቁራጭ ይሰጣል፣ ኤክስ520 እስከ 63።

ሁለት ነገር አልወድለትም። ካርዱ ቪኤሙ ላይ እንደተሰካ ሳያጠፉ ማሻገር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፣ ያ ለኔ መብራት ሲጠፋ እጄን ማሰር ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ አንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ሁለት ቪኤሞች በኤስአር-አይኦቪ ሲነጋገሩ ፓኬቱ በፒሲአይ መስመር እስከ ካርዱ ወርዶ በካርዱ ውስጥ ባለው ስዊች በኩል ይመለሳል፣ ቨርቲዮ ከራም ወደ ራም የሚያሻግረውን ነገር ማለት ነው። ስለዚ ጫወታችሁ በአብዛኛው እዛው ሰርቨር ላይ ከሆነ ብር አውጥታችሁ ልትዘገዩ ትችላላችሁ።

| መስፈርት | ኢ1000 | ቨርቲዮ | ቪኤምኤክስኔት3 | ኤስአር-አይኦቪ |
|---|---|---|---|---|
| ጫና ላይ መርጋት | ደካማ | ጥሩ፣ መልቲኪው ሲከፈት | ጥሩ፣ በፈሩ ሲሰፋ | በጣም ጥሩ |
| የፕሮሰሰር ወጪ | ብዙ | ትንሽ | ትንሽ | በጣም ትንሽ |
| አሮጌ ዊንዶውስ | አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድራይቨር ይሰራል | ድራይቨር ይፈልጋል፣ በጣም ያረጀው ላይ ያስቸግራል | ቱልስ ይፈልጋል | የካርዱን ድራይቨር ይፈልጋል |
| ሳያጠፉ ማሻገር | ይቻላል | ይቻላል | ይቻላል፣ ላይሰንስ ካለ | አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም |
| ተጨማሪ ብር | የለም | የለም | የቪኤምዌር ላይሰንስ | የሚደግፍ ካርድና ሰርቨር |

ታዲያ ለማን የቱ?

ብር የለም፣ ፕሮክስሞክስ ላይ ነኝ የምትሉ፣ እንደኔ ማለት ነው፣ ቨርቲዮ፣ መልቲኪው፣ ቪሲፒዩ መቀነስ። አምስት ሳንቲም አታወጡም። ባቲን እንደዚህ ካደረግኩት በኋላ ነው የሂሳብ ክፍሏ እህታችን መደወል የተወችው፣ አሁን የምትደውለው ፕሪንተር ሲነክስባት ብቻ ነው።

አንቺሆዬን የመሰለ አሮጌ ዊንዶውስ ያለባችሁ እሱን ኢ1000 ላይ ተዉት፣ ከባድ ስራ ብቻ አታሸክሙት፣ ፋይል ማጋራት ምናምን ካለበት ወደ ሌላ ቪኤም አውጡለት።

የፋየርዎል ወይ የድምፅ ጥሪ ቪኤም የምታስኬዱ፣ ማለትም በሰከንድ ብዙ ትንንሽ ፓኬት የሚያልፍበት፣ ቨርቲዮን አስተካክላችሁ ለክታችሁ አሁንም ካልበቃችሁ ለሱ ለአንዱ ብቻ ኤስአር-አይኦቪ ስጡት። ለሁሉም አይደለም።

ሰርቨር ከሰርቨር 940 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ባካፕ ሲጀምር ብቻ ሌላው የሚታፈን ከሆነ መንገዱ ነው የሞላው። ሰርቨራችሁ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ስራ ፈቶ የተቀመጠ ሁለተኛ ፖርት አለ፣ ባካፑን እዛ ላይ ለብቻ አውጡት። ሁለቱን ፖርት አጣምሬ በየተራ ላስልክ የምትሉ ግን ተጠንቀቁ፣ ፓኬቶቹ ተራቸው ተዘበራርቆ ስለሚደርሱ ድጋሚ መላኩን ይጨምርባችኋል። እሱም ካልበቃ ነው 10 ጊጋ፣ ሁለት ሰርቨር ብቻ ካላችሁ ደግሞ ስዊች አትግዙ፣ ሁለት ካርድና አንድ አጭር ዳክ ኬብል (ጫፎቹ ካርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰኩ የመዳብ ኬብል) ቀጥታ አገናኝታችሁ ትጨርሳላችሁ።

ላፕቶፕ ላይ ቨርችዋልቦክስ (ነጻ የቪኤም ፕሮግራም) የምትሞክሩ ተማሪዎች፣ የናንተ ብዙ ጊዜ ካርዱ አይደለም። ናት (ሳይነኩት የሚመጣው የኔትዎርክ ዓይነት) ላይ ሁለቱም ቪኤም 10.0.2.15 ይይዛሉ እርስ በርስም አይተያዩም። ሆስት-ኦንሊ ወይ ኢንተርናል አድርጉት። ብሪጁን ዋይፋይ ላይ ሰክታችሁ ፓኬት ጠፋ አትበሉኝ።

ስትቀይሩ አንድ ጥንቃቄ። ዊንዶውስ ላይ ከኢ1000 ወደ ቨርቲዮ ስትሄዱ ለሱ አዲስ ካርድ ነው፣ በእጅ የሰጣችሁት አይፒ ከድሮው ካርድ ጋር ይቀራል፣ አዲሱ አይፒ ፍለጋ ይንከራተታል። መጀመሪያ ቨርቲዮውን ሁለተኛ ካርድ አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ ከዛ አይፒውን አዛውራችሁ አሮጌውን አውጡ፣ ይሄንንም በኮንሶል እንጂ በሪሞት አታድርጉት። እኔ ከኮምቦልቻ ሆኜ፣ ቪፒኤኑ የሚያልፍበትን ያንኑ ቪኤም በሪሞት ካርዱን ቀየርኩት፣ ስክሪኑ ቀጥ አለ፣ ለሚኒባስ ስለመሸ አንድ አይሱዙ ላይ ተለምኜ ተሳፍሬ ሐረጎን ሽቅብ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን ወጥተን አይፒውን ለመጻፍ ደሴ ስገባ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።